ውሻው ሲላክ ፍርሃቱ ግቢ ይቀራል

ባጃጅ በበሩ ባለፈ ቁጥር ሮቶው ሥር ገብቶ መሬት ላይ የሚለጠፍ ውሻ ያለበት ግቢ ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ነው። እንግዳ ሲገባ ይጮኻል፤ እንግዳው ጠጋ ሲል ያፈገፍጋል፤ ጀርባውን ሲሰጠው ደግሞ ተረከዙ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቤተሰቡ ይመክራል። አንዱ «ለሚፈልግ ሰጥተን እንገላገል» ይላል። ሌላው «ዱላ ነው የሚያስተካክለው» ይላል። ልቡ የሚራራው ደግሞ «ለአሰልጣኝ እንስጠው፣ አንድ ወር እዚያው አድሮ ተስተካክሎ ይመጣል» ይላል። ይህ ሦስተኛው ከሁለቱ ይሻላል። ነገሩ የሚበላሸው «ተስተካክሎ ይመጣል» የምትለዋ ላይ ነው። አዳሪ ስልጠና የሚወስደው ውሻውን ብቻ ነው። ባጃጁ፣ ጠጠር የሚወረውርበት ዘበኛ፣ ዝናብ የሚደበድበው ቆርቆሮ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየሮጡ የሚያቅፉት ልጆች እዚያው ግቢ ይቀራሉ።

ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ፦ አብዛኛው ፈሪ ውሻ መላክ አያስፈልገውም። በሳምንት ሁለት ቀን ግቢ ድረስ የሚመጣ አሰልጣኝ ይበቃዋል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። የሚላክበት ምክንያት የለም ማለቴ ግን አይደለም። ግቢው በግንባታ ሲተራመስ፣ ውሻው ሰው ነክሶ ቤተሰቡ ራሱ ሲፈራው፣ ወይም ቤት ውስጥ አራስ ወይም በሽተኛ ኖሮ ጊዜ የሚሰጠው ሰው ሲጠፋ መላኩ ያስኬዳል። ያን ጊዜም እንዴት እንደሚላክ ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ፍርሃቱን ማንበብ። ጭራ መሸጎጥና መንቀጥቀጥ ማንም ያውቃቸዋል፤ ግን የሚመጡት ዘግይተው ነው። እንቅልፍ ሳይኖረው ሲያዛጋ፣ ምግብ ሳያይ ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን አዙሮ በዐይኑ ጠርዝ ሲያይና ነጩ እንደ አዲስ ጨረቃ ሲታይ፣ አንድ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ሲቆም፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ሲያለከልክ፣ ፍርሃቱ ከጀመረ ቆይቷል። ከሁሉም የማይዋሸው ሆድ ነው። የሚወደውን ጉበት ከአፍንጫው ሥር ይዛችሁለት ካልበላ፣ ያለበት ቦታ ከአቅሙ በላይ ነው። በልቶ ግን ጣታችሁንም አብሮ ከቆነጠጠ ጠርዝ ላይ ነው፤ ሦስት አራት እርምጃ ራቅ አድርጉት። በለስላሳ አፍ ተቀብሎ አኝኮ እናንተን ቀና ብሎ ካየ፣ መማር የሚችለው እዚያ ርቀት ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ከስልጠና ወሬ ሁሉ ይቀድማል። ሰላማዊ የነበረ ውሻ በጥቂት ቀን ውስጥ ከተለወጠ፣ ማለት ጨለማ ፈልጎ ከተደበቀ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ፣ ያ የአሰልጣኝ ጉዳይ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ያለ በሽታ ነው፤ ማንም ሳይጠጋው በሩ ይዘጋና የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የነከሰው ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከሆነ ደግሞ አትግደሉት፤ ተዘግቶበት 10 ቀን በሐኪም ይታይ።

ቀስ በቀስ የመጣ ፍርሃትም ከሕመም ሊነሣ ይችላል። እጅ ወደ ራሱ ሲመጣ የሚሸሽ ውሻ ጆሮው ውስጥ መዥገር ወይም ቁስል ይዞ ይሆናል፤ ደረጃ መውጣት የጠላ ወገቡን አሞት ይሆናል። ሐኪም ጆሮውን፣ ጥርሱንና ዳሌውን ሳይነካካ ለአሰልጣኝ የተሰጠ ውሻ በሕመሙ ላይ ትእዛዝ ይጨመርበታል።

የቀረው ፍርሃት ብዙውን ጊዜ እኛው የምንፈጥረው ነው። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ያየውን ሰው፣ የሰማውን ድምፅ፣ የረገጠውን መሬት «ያለ ነገር ነው» ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አዲስ ነገር ሁሉ ይጠረጠራል። እኛ ዘንድ ደግሞ «ጥበቃ እንዲሆን ሰው አይልመድ» የሚል ልማድ አለ። ቡችላው በአንድ ወሩ ከእናቱ ይለያል፣ ከኋላ ጓሮ በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፣ ሦስት ወር ሙሉ ግንብ ሲያይ ይከርማል። የሚወጣው ጎበዝ ጠባቂ ሳይሆን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሚደነግጥ ውሻ ነው። ደምም ድርሻ አለው። ሩሲያዊው የዘር ውርስ ተመራማሪ ዲሚትሪ ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ቀበሮዎችን ሰው በመፍራትና ባለመፍራታቸው እየመረጠ ሲያራባ፣ ገርነት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚወረስ አሳይቷል። እናቱ ሰው ስታይ የምትደበቅ ከነበረች፣ ልጇ የፈለገውን ያህል ቢሰለጥን የሰርግ ቤት ውሻ አይወጣውም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ አሰልጣኙ ላይ የማይሆን ተስፋ ከመጣል ያድናል።

አሁን ወደ አዳሪ ስልጠናው። ውሻ የተማረውን ከተማረበት ቦታና ከተማረበት ሰው ጋር አስሮ ነው የሚይዘው። አሰልጣኙ ግቢ «ተቀመጥ» ሲባል ቁጭ የሚለው፣ እናንተ ግቢ ቆማችሁ ያንኑ ቃል ስትሉት እንደማያውቅ ያያችኋል። እልህ አይደለም፤ ለእሱ ያ ቃል የዚያ ሰው፣ የዚያ እጅ፣ የዚያ ሣር ነው። ፍርሃት ላይ ሲሆን ይብሳል። ፀጥ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ የተረጋጋ ውሻ ቀበሌ 14 ውስጥ መንገድ ዳር ሲመለስ የተረጋጋበት ምክንያት አብሮት አልመጣም።

ፍርሃት የውሻን ትምህርት እንዴት እንደሚያጠፋ ሳስብ የሚመጣብኝ ውሾችን በማስተማር ሙከራው የታወቀው ሩሲያዊ ተመራማሪ ኢቫን ፓቭሎቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሌኒንግራድን፣ የዛሬዋን ሴንት ፒተርስበርግ፣ ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት ውሃው የምርምር ቤቱ ውሾች ወዳሉበት ገባ፤ ውሾቹ ጭንቅላታቸው ብቻ ከውሃው በላይ ቀርቶ ነበር በሰዎቹ የተረፉት። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ከእነሱ መካከል ስንት ወር የተደከመበትን ትምህርት ጨርሶ ያጡ ተገኙ። ከእነሱ ለአንዱ እንደገና ተደክሞ ሲመለስለት፣ ከበር ሥር ትንሽ ውሃ እንዲፈስ ተደረገ፤ ያ ብቻ ትምህርቱን ድጋሚ አጠፋው። ፓቭሎቭ በዓለም ላይ ውሻን እንደ እሱ ያስተማረ የለም በሚባልበት ሰዓት ነው ይህ የሆነው። «ሙሉ በሙሉ እናድነዋለን» የሚል ዋስትና የሚሰጥ አሰልጣኝ ስታገኙ ይህችን በር ሥር የገባች ውሃ አስታውሱ።

ሌላው የሚያታልለው ዝምታ ነው። ውሻው ይመለሳል፣ አይጮኽም፣ አይሸሽም፣ የተቀመጠበት ይውላል፤ ቤተሰቡ «እንዴት ያለ ጨዋ ሆነ!» ይላል። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከማይሸሹት የኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር የቆዩ ውሾች በኋላ መዝለል ብቻ የሚያስመልጣቸው ሣጥን ውስጥ ሲገቡ፣ ብዙዎቹ ተኝተው እያለቀሱ ንዝረቱን ተቀበሉ። ተስፋ የቆረጠ ውሻ ከጨዋ ውሻ በሁለት ነገር ይለያል፦ አይጫወትም፣ በገዛ ፈቃዱም ወደ ሰው አይመጣም። ማጉረምረሙን ብቻ በቅጣት ያጠፉበት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። እንዲህ ያለው ነው «ምንም ሳይል ነከሰኝ» የሚባለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልበል። ፈሪ ውሻን «ሰው እንዲይዝ» ብሎ ለጥበቃ ስልጠና መስጠት የጎረሰ ጠመንጃ ለሰካራም እንደ መስጠት ነው። የጥበቃ ውሻ የሚመረጠው ከማይደነግጡት መካከል ነው፤ ሲለቁት ሄዶ፣ ሲያቆሙት የሚቆም መሆን አለበት። የፈራ ውሻ ግን የሚነክሰው ለመገላገል ነው፤ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ፣ ከመብራት ቆጣሪ አንባቢ አይለይም። ደግሞ ለሌባ ጩኸት ይበቃል። ፈሪ ውሻ በጩኸት አይታማም።

አሰልጣኙ የፖሊስ ወይም የመከላከያ የውሻ ክፍል ልምድ ካለው ሙያ አለው፤ ግን ያ ሙያ ደፋር ውሻን ማሰልጠን ነው። ስለዚህ ስለ ፈሪ ውሻ ለይታችሁ ጠይቁት። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምጠይቀው «ውሻው እንቢ ሲል ምን ታደርጋለህ?» የሚለውን ነው። «ርቀቱን እጨምራለሁ፣ የጠየቅኩትን አቀላለሁ» ካለ ሰውየው ገብቶታል። «እሰብረዋለሁ» ካለ፣ «ሁለት ቀን ሳይበላ ሲያድር ይታዘዛል» ካለ፣ ግድግዳው ላይ አናቂ ሰንሰለት፣ ሾህ ያለው ኮሌታ ወይም የኤሌክትሪክ ኮሌታ ከተሰቀለ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ውሻው የት እንደሚያድር በዐይናችሁ እዩ። በቆርቆሮ የተሠራ ቤት በክረምት ከበሮ ነው፤ ጣራው ላይ ሣር ወይም ኬሻ ተነጥፎበት ከሆነ የሚያስብ ሰው እንዳለ ታውቃላችሁ። ጎን ለጎን የታሰሩ ውሾች ቀኑን ሙሉ እየተያዩ ከተጯጯሁ የእናንተው እዚያ አያርፍም። ሳይነግሩ መምጣት ይቻል እንደሆነ፣ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይላክ እንደሆነ፣ መጨረሻ ላይ ቤተሰቡን የሚያሠለጥንበት ቀን ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የመጨረሻው መልስ «አንድ ቀን» ከሆነ ዋጋውን አትከራከሩ፣ ሰውየውን ተዉት።

ከመላኩ ሁለት ሳምንት በፊት የሚሠራው ሥራ ከስልጠናው አያንስም። የእብድ ውሻ ክትባት ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፉት የፓርቮና የዲስተምፐር በሽታዎች ክትባት ደግሞ ብዙ ውሾች በሚያድሩበት ቦታ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። መወጋቱ ብቻ አይበቃም፤ ክትባቱ ሥራውን እስኪጀምር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይሰጠው። በመሄጃው ዋዜማ የተከተበ ውሻ እንዳልተከተበ ቁጠሩት። የቁንጫና የመዥገር መድኃኒቱም በዚያው ይሰጥ።

ከዚያ ማስታወሻ። አንድ የተማሪ ደብተር ውሰዱና ለ7 ቀን የደነገጠበትን ሁሉ ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ምን እንደነበር፣ በስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ በስንት ደቂቃ እንደተመለሰ። «ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት ከሩብ፣ ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ነፋ፣ 8 እርምጃ፣ ሮቶ ሥር ገባ፣ በ14 ደቂቃ ወጣ።» እንዲህ ያለ አንድ መስመር አሰልጣኙን «በጣም ፈሪ ነው» ከሚል የአንድ ሰዓት ወሬ በላይ ይጠቅመዋል። ከቁጥሮቹ ሁሉ የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙ። የሚድን ውሻ መደንገጡን ከመተው በፊት ቶሎ መመለስ ይጀምራል፤ 14 ደቂቃው 6 ሲሆን ምንም ያልተለወጠ የሚመስለው ውሻ ተለውጧል።

ሥጋውንም አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ደረቅ እንጀራ ለፍርሃት ሥራ አይሆንም፤ ውሻው ሌላ ጊዜ የማያገኘው ነገር መሆን አለበት። ጉበት ቀቅሎ የሽምብራ ፍሬ አክሎ መክተፍ ነው፤ በቀን 60 ፍሬ ቢሄድ ከ50 ግራም ብዙም አይዘልም። ጉበት ብቻ ሲበዛ ሆድ ያላላል፣ ለረጅም ጊዜ ሲበዛም ጉዳት አለው፤ ከሳንባ ጋር ቀላቅሉት። ሳንባ ሲቀቀልና ሲደርቅ ቀላል ነው፣ ኪስ አያቀባባም፣ ርካሽም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን አብዛኛው ልኳንዳ ለ55 ቀን ይዘጋል፤ ብዙ ስልጠና መንገድ ላይ የሚቀረውም ያኔ ነው። ከቅበላው በፊት ቋንጣ አድርቁለት፣ በርበሬም ጨውም የሌለው። ውሻ አይጾምም። ካለቀባችሁም ጣና ቅርብ ነው፦ ቀረሶ ቀቅላችሁ አጥንቱን በጣት እየዳበሳችሁ አውጥታችሁ ሥጋውን ቁረጡ። ጥሬውን አትስጡት። የሽሮ ወጥ የነካው ነገርም አይሁን፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ።

የሚሄድበት ሣጥን ቆሞ የሚዞርበትና ተዘርግቶ የሚተኛበት ይሁን፤ ከዚያ ሰፊ ከሆነ መኪናው ሲዞር ይንከባለላል። ለሁለት ሳምንት በሩ ክፍት ሆኖ ምግቡን እዚያ ውስጥ ይብላ። ከታች የለበሳችሁት ያልታጠበ ጋቢ ይነጠፍለት። ሣጥኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የጉዞው ዕለት ጠዋት ያየ ውሻ በጉልበት ነው የሚገባው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚያ ትግል ይጀምራል።

አሰልጣኙ አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ በደብረ ማርቆስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከደጀን በኋላ የዓባይ በረሓ አለ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ እንደገና የሚወጣበት ጠመዝማዛ። እዚያ ያስመልሳል። ከመነሣቱ 8 ሰዓት በፊት ምግብ ይቁም፣ ውሃ ግን ጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። «ማስተኛ መርፌ ይወጋ» የሚል ምክር ስትሰሙ የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ። አሴፕሮማዚን ከሆነ ሰውነቱን ያሰንፋል እንጂ ፍርሃቱን አያነሣም፤ ውሻው ሁሉን እየሰማ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ለድምፅ የባሰ እንዲደነግጥም ሊያደርገው ይችላል። ፍርሃት የሚያረግቡ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪም በክብደቱ ይወስናል፣ ከጉዞው ቀን በፊትም ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ይሞከራል። ለረጅም ጊዜ የሚሰጡት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት ደግሞ ውጤታቸው የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ስህተት ነው።

ውሻ የሚጠፋው መንገድ ላይ መኪና በቆመበት ነው። የፈራ ውሻ ወደ ፊት አይስብም፣ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ያን ጊዜ አንገት ማሰሪያው በጆሮው ላይ ሾልኮ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ገመድ፦ አንዱ በአንገት ማሰሪያው፣ ሌላው ደረቱንና ወገቡን በሚይዘው የደረት ማሰሪያ። አንገቱ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። በሩ ከመከፈቱ በፊት ሁለቱም ገመዶች ተይዘው ይሁን። ስልክ ቁጥር የተቀረጸበት ቁራጭ ብረት አንገቱ ላይ ይኑር።

በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ አሰልጣኝ ምንም የሠራ አይመስልም። ይመግበዋል፣ አጠገቡ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፣ ውሻው ሲመጣ ሳያየው ጉበት ይጥልለታል። ክፍያውን የሚያስቆጨው ይህ ሳምንት ነው፤ ቤተሰብ ደውሎ «እስካሁን ምን ተማረ?» የሚለውም ያኔ ነው። ማደሪያ የገባ ውሻ የጭንቀት ሆርሞኑ፣ ኮርቲሶል የሚባለው፣ ከፍ ብሎ እንደሚቆይ ተለክቶ ታውቋል። ያ ሳይወርድ የተሰጠ ትምህርት አይያዝም። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀላል ነገሮች ይማራል፦ ኬሻው ላይ መውጣትና አፍንጫውን መዳፍ ላይ ማስነካት። ሁለቱም ለፈሪ ውሻ የሚሄድበት ቦታና የሚያደርገው ነገር ይሰጡታል። «ተኛ»፣ «ቁም»፣ «ተከተል» ቆይተው ቢመጡም አይጎዳም።

የስልጠናው ልብ ከዚያ በኋላ ነው። ባጃጁን ምሳሌ ላድርግ።

ባለባጃጁ ለግማሽ ሰዓት ይከፈለዋል። ባጃጁ ሞተሩ ጠፍቶ ይቆማል፤ ውሻው 30 እርምጃ ርቆ ይመጣል። ባጃጁን ያያል። አንድ ሰከንድ። ጉበት። ፊቱን ሲያዞር ሥጋው ይቆማል፤ ዳግም ሲያይ ዳግም ይመጣል። አሥር ጊዜ፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት፤ ከዚያ ይሄዳል። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። በሚቀጥለው ቀን 25 እርምጃ። ባለባጃጁ ወንበሩ ላይ ሲወጣ ርቀቱ ወደ 30 ይመለሳል፤ ሞተሩ ሲነሣ ወደ 40። አንድ ነገር ሲከብድ ሌላው ይቀላል፤ ሁለት ነገር በአንድ ቀን አይከብድም። ቅደም ተከተሉ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ባጃጅ፣ ቀጥሎ ሥጋ ነው። እንዲረጋጋ ተብሎ ሥጋው ከቀደመ ግን ውሻው የሚማረው «ጉበት ከታየ ባጃጅ ሊመጣ ነው» የሚለውን ነው፤ በሳምንቱ ከጉበቱ መሸሽ ይጀምራል። ሰው ያኔ «ሥጋም እንቢ አለ» ይላል።

«አይዞህ» ስለ ማለት ብዙ ይጠየቃል። «ሲፈራ ከዳበሳችሁት ፍርሃቱን ታበረታታላችሁ» የሚል ምክር በየቦታው አለ። ስህተት ነው። ፍርሃት ስሜት ነው እንጂ ለሽልማት የሚሠራ ሥራ አይደለም። ወደ እናንተ ከመጣ «አይዞህ» በሉት፣ ጎኑን በዝግታ ዳብሱት። ካልመጣ ግን ከሮቶው ሥር ጎትታችሁ አታውጡት፤ የተደበቀበት ቦታ የራሱ ነው።

ለስልጠናው ሁለት ሳምንት አይበቃም፤ ከአራት በታች ባልልክ እመርጣለሁ። አራተኛው ሳምንት የቤተሰቡ ነው። መምጣት ያለበትም የሚከፍለው አባወራ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት የምትመግበው እኅት፣ ሌሊት የሚፈታው ዘበኛ፣ ከልጆቹ መካከል ትልቁ ይምጡ። ገመዱን አሰልጣኙ ይዞ እናንተ ታያላችሁ፤ ከዚያ እናንተ ይዛችሁ እሱ ያያል፤ በሦስተኛው ቀን እሱ አጥር ማዶ ይሆናል። ይህ ከተዘለለ የአንድ ወሩ ክፍያ አሰልጣኙ ጋ ቀርቷል።

ዘበኛው ላይ ልቆይ፣ ብዙ ነገር እሱ እጅ ላይ ነው። ውሻው ቀኑን ታስሮ ማታ የሚለቀው እሱ ነው፤ ሲጮኽበት ጠጠር የሚወረውርበትም፣ ሲፈልግ ከራቱ የሚያካፍለውም እሱ ነው። «ጋሼ፣ ድንጋይ አይወርውሩበት» ብሎ መሄድ አይበቃም። ትንሽ ጣሳ ሳንባ ይሰጣቸውና ውሻው በጮኸ ቁጥር ሳይሆን ዝም ባለ ቁጥር አንድ ፍሬ እንዲጥሉለት ጠይቋቸው። ነገሩ በቀን የሚቆጠር ሥራ ስለሆነ በወሩ መጨረሻ ትንሽ ጉርሻ ቢታሰብላቸው አይከፋም። ሌሊቱን ከውሻው ጋር የሚያሳልፉት እሳቸው ናቸው፤ የአሰልጣኙን ሥራ የሚያጸኑት ወይም በአንድ ሌሊት የሚያፈርሱትም እሳቸው ናቸው።

ሲመለስ «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ጎረቤት መጥራት የለም። ሦስት ቀን እንደ እንግዳ ይያዝ፦ አይታጠብ፣ ዘመድ አይምጣበት፣ ከግቢ አይውጣ። የሄደበት ጋቢና ኬሻው ከሣጥኑ ጋር እዚያው ጥግ ይቀመጥ። መውጣት ሲጀምር ሰዓቱን ምረጡ። የጣና ዳርቻ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ፀጥ ያለ ነው፤ ታንኳ ይዘው ከሚወጡት በስተቀር ሰው አይበዛም። በጨለማ ግን ውሃው አጠገብ፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አትሂዱ፤ ጉማሬ ሣር ለመጋጥ የሚወጣው ሌሊት ነው፤ ጎህ እስኪቀድም ድረስም ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ከ15 ደቂቃ አይብለጡ። በባዛሩና በመናኸሪያው አቋርጦ «ይልመድ» ብሎ መጎተት ማስለመድ አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ውስጥ የገባ ውሻ የሚለምደው መፍራቱን ነው።

የሚመለስበትን ወርም አስሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ነጎድጓድ ነው። የነጎድጓድ ቅጂ በስልክ ዝቅ አድርጎ ማሰማት ትንሽ ይረዳል፤ ግን መብረቁን፣ የአየሩን መክበድና የቆርቆሮውን ጩኸት ስልክ አያመጣቸውም። ለዚያ ሥራው መሸሸጊያ ነው፦ መስኮት የሌለው ጓዳ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ በሩ ገርበብ ብሎ። ነሐሴ ደግሞ ጅራፍ ይጮኻል፤ ለቡሄ ሳምንት ሲቀር ጀምሮ ልጆች በየመንደሩ ያስጮኹታል፤ ጅራፍ ለውሻ ከተኩስ አይለይም። ከአዳሪ ስልጠና በነሐሴ መጀመሪያ የሚወጣ ውሻ ካለ፣ ከነሐሴ 13 በኋላ እንዲሆን አሰልጣኙን ለምኑት፤ ተጨማሪው ክፍያ ያዋጣል። ደመራና ጥምቀትም እንደዚሁ ቀናቸው የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር ይቻላል።

የማትታገሉት አንድ ፍርሃት አለ። ከከተማው ዳር ያለ ግቢ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ውሻው በር ቢፈነቅል፣ ያ ስልጠና አያስፈልገውም። ጅብ ውሻ ይበላል፤ ውሻውም ያውቃል። በረንዳ ላይ አስገቡት።

በደብተሩ ላይ መጻፉን ለ8 ሳምንት ቀጥሉ። የመመለሻ ደቂቃው በዚህ ሁሉ ጊዜ ካልቀነሰ አሰልጣኝ ከመቀየር በፊት ሐኪም ዘንድ ተመለሱ። ከቀነሰ ደግሞ አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያስብ፣ ባጃጅ በበሩ ሲያልፍ ውሻው ወደ ሮቶው መሄዱን ትቶ አንገቱን አዙሮ እጃችሁን ያያል። ያን ጊዜ ኪሳችሁ ውስጥ ሳንባ ይኑር።